አሥራ አንድ ሙሽሮች ያሉት ኒካህ

እኔ ለምን እንደምንተባተብ በቤታችን ሦስት ማብራሪያ ነበረን። እናቴ ዘሃራ፣ በሁለት ዓመቴ ውሻ አስደንግጦኝ ነው ትላለች። አክስቶቼ፣ ራሷ እናቴ ስትኮረኩረኝ ስለምትውል ነው ይላሉ፤ በዚህ የተነሳ ሁለት ዓረፋ ሙሉ ተኳርፈዋል። አባቴ ከሞተ ወዲህ ያሳደገኝ አጎቴ እንድሪስ ደግሞ ችኮላ ነው ባይ ነው። "ኢምራን ሐሳቡ ይፈጥናል፣ አፉ አይደርስበትም" ይላል። እኔ ይሄንን እንደ ሙገሳ ነው የምወስደው።

ባለፈው ዓመት ኦሎምፒያ አካባቢ ቢሮ ያላት ሰምሃር የምትባል የንግግር ሕክምና ባለሙያ ሁሉንም በነጻ አሰናበተቻቸው፣ ውሻውንም ጭምር።

"ድንጋጤም አይደለም፣ ኩርኮራም አይደለም" አለችኝ። "አንጎል ንግግርን የሚያቀናጅበት መንገድ ትንሽ ስለሚለይ ነው። ብዙ ጊዜ በዘር ይመጣል። ከቤተሰብህ ውስጥ ሌላ የሚንተባተብ አለ?"

ቤት ሄጄ ጠየቅሁ። የአባቴ አባት ወሎ ውስጥ በዝምታቸው የታወቁ ሰው ነበሩ። አገሩ ሁሉ አዋቂ ስለሆኑ ነው ዝም የሚሉት ሲል ኖሯል። ስንት ሰው ምክር ፈልጎ ደጃቸው ሲመላለስ ከረመ፤ ሰውዬው ለካ እንደኔው አንድ ፊደል ላይ ተቀርቅረው ነው።

በሚቀጥለው ቀጠሮ፣ "አካል ጉዳተኛ ነኝ እንዴ?" አልኳት ሰምሃርን። እዚህ ላይ የጻፍኩት በአንድ ትንፋሽ ነው፤ እዚያ ግን ሻይዋ እስኪቀዘቅዝ ፈጅቶብኛል።

"ነው የሚሉም አይደለም የሚሉም አሉ። አንተ የምትቸገረው መቼ ነው?"

አሰብኩ። ብቻዬን ሳወራ እንደ ሬዲዮ ነኝ። ለሕፃናት ተረት ስነግር ጭራሽ አልንተባተብም። "ሰ... ሰው ሲያቻኩለኝ" አልኳት።

"እንግዲያው ግማሹን ችግር እነሱ ናቸው የሚፈጥሩልህ" አለች። ከቢሮዋ ስወጣ በደስታ የማላውቀውን ሰው ሁሉ ሰላም አልኩ።

ከሚያቻኩሉኝ ሁሉ ቀዳሚው አጎቴ ነው። ለሚ ኩራ ሴራሚክ የምንሸጥበት ሱቅ አለን፤ እዚያ ቃሌን ከአፌ ነጥቆ ይጨርስልኛል፣ ያውም ሁልጊዜ ተሳስቶ። ውሃ ልጠይቅ ስጀምር ወንበር ያቀብለኛል። ቀስ በቀስ በሽታው ወደ ቤተሰቡ፣ ከዚያም ወደ ጎረቤቱ ተዛመተ። የሚያደርጉት ግን በፍቅር ነው፤ በፍቅር የሚያናድድን ሰው ምን ታደርገዋለህ?

ሪሀናን ያገኘኋት ታክሲ ውስጥ ነው። ከመገናኛ ተሳፍሬ ሃያ ሁለት ልወርድ "ወ... ወ..." ማለት ጀመርኩ። አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅም እዚያው ነበር የምትወርደው፤ ግን "ወራጅ አለ" ብላ እንደመገላገል፣ ጀምሬዋለሁና እስክጨርስ ጠበቀችኝ። ኡራኤል ደረስን። ወርደን በእግራችን ስንመለስ፣ "ምነው ራስሽ አትዪም ነበር?" አልኳት። "ያንተ ነበራ" አለችኝ። እኔ እዚያው መንገድ ላይ አለቀልኝ።

ኒካሃችን ሲቃረብ ግን ጭንቀት ያዘኝ። የልጅቷ አባት "አጋባሁህ" ሲሉ ሙሽራው በምስክሮች ፊት "ተቀበልኩ" ማለት አለበት። አንዲት ቃል ናት፤ ከ"ተ" ጋር ደግሞ ከድሮም አንስማማም።

"አብሽር፣ በሸሪዓችን ውክልና ይቻላል" አለ አጎቴ። "እኔ እቀበልልሃለሁ፤ አንተ ቁጭ ብለህ ፈገግ በል።"

ለሪሀና ደውዬ ነገርኳት። "እኔ የማገባው አንተን ነው" አለች። "አንተው በለው። እስከ ማታው መግሪብ ሶላትም ቢፈጅ የትም አልሄድም።"

እሑድ ረፋዱ ላይ እነሪሀና ሳሎን ተሰበሰብን። ሴቶቹ በሚቀጥለው ክፍል ናቸው፤ በሩ ገርበብ ብሏል። አባቷ ሃጂ ሃይደር እጄን ያዙ። ኒካሁን የሚያስሩት ሸኽ አስጀመሯቸውና፣ "ልጄን ሪሀናን በተስማማንበት የመህር ጥሎሽ አጋባሁህ" አሉኝ።

"ተ..." አልኩ። "ተ... ተ..."

ክፍሉ በሙሉ አብሮኝ አማጠ። የአጎቴ አንገት ከኔ እኩል ይወጣና ይገባል። በመጨረሻ አልቻለም፤ "ተቀበልኩ!" ብሎ አፈነዳው። እሱን ተከትለው የአክስቶቼ ልጆች ተቀበሉ። ከምስክሮቹ አንዱ ተቀበለ። ጎረቤታችን ላጲሶ ክርስቲያን ነው፣ ምሳ ተጠርቶ ነው የመጣው፤ እሱም ተቀበለ።

ሸኹ መነጽራቸውን አውልቀው አንድ በአንድ ቆጠሩን። "አሥራ አንድ ሰው ተቀብሏል" አሉ። "ልጅቷ ግን አንድ ናት። ለመሆኑ ሙሽራው የትኛው ነው?"

ከወዲያኛው ክፍል ሳቅ ፈነዳ፤ የሪሀናን ለይቼ ሰማሁት። እኔም ሳቅኩ። ሃጂ ሃይደር እጄን ሳይለቁ ሆዳቸው እስኪርገበገብ ሳቁ።

"ሸኽ፣ ልጁ እኮ አፉ..." ብሎ ጀመረ አጎቴ።

"አውቃለሁ፤ ምሳው ይቆየናል" አሉ ሸኹ። "እንደገና እንጀምራለን። ከሙሽራው በቀር ሁሉም አፉን ይያዝ።"

ትልልቆቹ ሰዎች እውነትም መዳፋቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ሃጂ ሃይደር እንደገና አጋቡኝ።

"ተ..." ጀመርኩ። ቃሉ እንደለመደው ተቀረቀረ። ግን ማንም አልነጠቀኝም። በሠላሳ አንድ ዓመቴ እንዲህ ያለ ሰፊ ጊዜ ተሰጥቶኝ አያውቅም፤ ደስታው ሊያሰክረኝ ደረሰ። አልቸኮልኩም። ስድስት ጊዜ ይሁን ሰባት "ተ" ካልኩ በኋላ፣ "ተቀበልኩ" አልኩ።

እልልታው ቀለጠ። ሸኹ ለዱዓ እጃቸውን ሲዘረጉ፣ ገና አልጨረስኩም ብዬ በእጄ ምልክት ሰጠኋቸው። ወደ አጎቴ ዞርኩ።

"አ..." አልኩት። "አ... አ..."

መዳፉን ከአፉ አነሳ። የሚለውን አውቃለሁ፤ "አጎቴ" ብሎ ሊጨርስልኝ ነው። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ግን መዳፉን መልሶ ጫነና፣ ዓይኑ እንባ እያቀረረ ጠበቀኝ።

"አ... አባቴ" አልኩት።