የእማዬ ፖርቶመጋላ

ታላቅ ወንድሜ ደብዳቤውን ያስገባው ሰኞ ነው። ለእኛ የነገረን ግን ማክሰኞ፣ ምሳ ላይ ነው። "እናታችን ስለደከመች የገበያውን ሱቅ ለቃለች" ብሎ ጽፎ፣ በራሱ እጅ ፈርሞ ሰጥቷል። እማዬ ማንኪያዋን አስቀመጠች። እኔ ደግሞ ዝም ማለት አይሆንልኝም።

"ማን ጠይቆህ?" አልኩት።

"ሱቁ ከተዘጋ ሦስት ወሩ ነው። በገበያው ሕግ ለተረኛ ይሰጣል። ተነጥቃ ከምትወጣ በክብር ብትለቅ አይሻልም?"

"እኔ አልለቀቅኩም" አለች እማዬ።

"እማዬ፣ ከአልጋሽ እስከ በሩ ለመድረስ ሁለቴ ታርፊያለሽ። ገበያ ድረስ በምን ልትሄጂ ነው?"

እዚህ ላይ እውነቱን ነው። ዳሌዋ ተሰብሮ ከዳነ ወዲህ በከዘራም ቢሆን ከግቢ አትወጣም። ታክሲ እንዳንጠራ ሰፈራችን ለቧንቧ ተብሎ ቦይ ተቆፍሮ ከተተወ ስምንት ወር ሆኖታል፤ መኪና የሚባል ነገር አይገባም። ግን እማዬ ልብስ ሰፊ ናት። በዚያች በር በምታክል ሱቅ ሠላሳ ዓመት ተቀምጣ፣ አባታችን ጥሎን ከሄደ በኋላ ሁለታችንንም በመቀስና በመርፌ ያሳደገች ሴት ናት። የገበያው ጸሐፊ ደግሞ ለወንድሜ ቁርጡን ነግሮታል፤ ባለሱቋ ራሷ እስከ ዓርብ ስድስት ሰዓት መጥታ አልለቅም ካላለች ሱቁ ለተረኛ ይተላለፋል።

"አዝዬሽ እሄዳለሁ" አልኳት።

"ዓርብ ታዝይኛለሽ። ቅዳሜስ? ሰኞስ? እኔ የምፈልገው ሥራዬን ነው፣ ሱቄን ማየት አይደለም።"

"እንግዲያው በብስክሌት አመላልስሻለሁ።"

ወንድሜ ሳቀ። ያቺ ሳቅ ናት ያንገበገበችኝ። እልህ ከያዘኝ ደግሞ እንቅልፍም አይወስደኝም።

እኔ አሮጌ ብስክሌት እየገዛሁ አድሳለሁ፤ እቃ ለሚያመላልሱት ደግሞ ኋላው ላይ የሚታሰር መጫኛ፣ ፖርቶመጋላ፣ እሠራለሁ። ሰፈሩ "መካኒኳ" ይለኛል። ግማሹ በአክብሮት ነው፣ ግማሹ በሽሙጥ፤ ጎማው ሲተነፍስ ግን ሁሉም እኔው ዘንድ ነው የሚመጣው። ጓሮ ውስጥ ቆራሌው ከተጣመመ አልጋ ጋር አንድ ላይ የሸጠልኝ ጥቁር፣ ከባድ ብስክሌት ነበረኝ። የዛሬ ብስክሌት እሱን አያክለውም። ዝገቱን በነጭ ጋዝና በሽቦ ብሩሽ ጨረስኩት። ኩሽኔታዎቹን አውጥቼ አጥቤ አዲስ ግራሶ ሞላሁባቸው። ፍሬኑን ከሌላ ሬሳ ብስክሌት ላይ ፈታሁ።

ፖርቶመጋላውን ከቱቦላሬ ብረት ለብቻው በየድኩት። አሮጌ ብስክሌት አካል ላይ ብየዳ የሚያሳርፍ ሰው አጠገቤ ድርሽ እንዳይል፤ እሳቱ ብረቱን ያበላሸውና አንድ ቀን ጉድጓድ ሲያገኝ ቀጭ ይላል። እኔ በብሎን ነው የማስረው፣ እንዳይፋጭ መሃሉ ላይ የአሮጌ ካላማዳሪ ጎማ ቁራጭ አስገብቼ። ከዚያ ከምግብ ጠረጴዛችን አንዱን ባለመደገፊያ ወንበር አምጥቼ እግሮቹን በመጋዝ ቆርጬ ላዩ ላይ አጠበቅኩት።

"አንዱ ወንበር የት ሄደ?" አለ ወንድሜ ሐሙስ ቁርስ ላይ።

"ሥራ ይዟል" አልኩት።

ለዳቦ አመላላሹም ለውሃ ሻጩም ስሠራ ሁልጊዜ የምሞክረው በአሸዋ ነው። እማዬን የሚያህል አሸዋ በሁለት ጆንያ ሞልቼ ወንበሩ ላይ አሰርኩና በቦዩ ዳር ወርጄ ተመለስኩ። ንቅንቅ አላለም። ኮራሁ። ወዲያው እማዬን አወጣኋትና ከዘራዋን ጎኗ አስሬ ተነሳን።

የመጀመሪያው መታጠፊያ ላይ ተገለበጥን።

እግዚአብሔር ይስጠው፣ የወደቅነው ከቦዩ የወጣው ለስላሳ አፈር ላይ ነው። እማዬን በብብቷ ይዤ ቀና አደረግኳት። አልዋሽም፣ በጣም ፈራሁ። ወንድሜ ጩኸት ሰምቶ እየሮጠ ደረሰና አቅፎ ቤት አስገባት።

"ልትገያት ነው እንዴ?" አለኝ። "ነገ ይሄ ብስክሌት ከዚህ ግቢ አይወጣም። ጨርሻለሁ።"

ብስክሌቱን እየገፋሁ ወደ ጓሮ መለስኩት። ብሎኖቹን አንድ በአንድ አየኋቸው፤ አንዱም አልላላም። ፖርቶመጋላው ቀጥ እንዳለ ነው። እንግዲህ ምን ነካው እያልኩ ስቆዝም እማዬ ከበሩ ጠራችኝ። ፀጉሯ ላይ አፈር አለ።

"ጆንያው መታጠፊያው ላይ ምን አደረገ?" አለችኝ።

"ምንም አላደረገም።"

"አየሽ፣ ጆንያ አይፈራም። እኔ ግን ብስክሌቱን ስታጋድይው የምወድቅ መስሎኝ በሌላው በኩል ተሳብኩ። ሰው እንደምትጭኚ ረስተሽ ነው እንጂ እጅሽስ ደህና ነው።"

አፈርኩ። ስንት ዓመት የሠራሁት ለማይፈራ ጭነት ነው። ወንበሩን አራት ጣት ያህል ዝቅ አደረግኩት፣ የእግር ማረፊያ ሠራሁለት፣ ለእሷ መያዣ ደግሞ ወገቤን በሰፊ ቀበቶ ታጠቅኩ። ከሰዓቱን ሙሉ በጓሮው ውስጥ ስንዞር ዋልን። መጀመሪያ ላይ ቀበቶዬን ልትበጥሰው ደረሰች። ኋላ ግን ነገሩ ገባትና ጀርባዬ ላይ ጠጋ አለች።

"ክብ ስትሰፊ ጨርቁን አትጎትቺውም፣ አብረሽው ነው የምትዞሪው" አለች። "እንዲህ ነው ብትዪኝ ኖሮ ትናንት አውቀው ነበር።"

"ዛሬ ነው የወደቅነው፣ እማዬ።"

"ዛሬም ይሁን፣ ንጂ።"

ዓርብ አራት ሰዓት ላይ ወጣን። ቦዩን የሚያሻግረው ሳንቃ ላይ ወንድሜ ቆሞ ነበር፤ ከሥራ ቀርቶ፣ እጁን ዘርግቶ።

"አትሄዱም" አለ። "ሰው ምን ይላል? እናታቸውን እንደ ድንች ጭነዋት ሄዱ ነው የሚለው።"

እኔ አፌን ልከፍት ስል እማዬ ቀበቶዬን ጎተተች፤ ዝም በይ ማለቷ ነው።

"ይበል" አለችው። "አባትህ የሄደ ጊዜም ብሏል። ያኔ ሰው ሲያወራ እኔ የአንተን ሱሪ እሰፋ ነበር።"

"እማዬ፣ እኔ ለአንቺ አስቤ ነው።"

"አውቃለሁ፣ ልጄ። አሁን ወይ ግፋ፣ ወይ ዞር በል።"

ዞር አለ። አልገፋም። ሳንቃውን በእግሬ ብስክሌቱን እየገፋሁ አሻገርኳት፤ ከዚያ ወጥቼ ነዳሁ። መታጠፊያው ላይ ሳጋድለው አብራኝ አጋደለች። ልጆች ተከተሉን፣ አንድ ሁለት ሰዎች ቆመው ሳቁ። እማዬ ለሳቁት እጇን አነሳችላቸው።

ገበያው ቢሮ ስንገባ ጸሐፊው እኛን ሲያይ መነጽሩን አወለቀ።

"እናታችን፣ በሰላም ነው? ደክመዋል የሚል ደብዳቤ ደርሶን ነበር እኮ።"

"ደክሜያለሁ" አለች።

ዞሬ አየኋት። ይሄን ሁሉ መንገድ ያመጣኋት ይሄን ልትል ነው?

"ሠላሳ ዓመት ሙሉ ደክሜ ነው የሠራሁት" አለች ከዘራዋን ጠረጴዛው ላይ አስደግፋ። "የደከመው ይልቀቅ የሚል ሕግ ካላችሁ አሳየኝ። ከሌለ መዝገቡን ስጠኝ።"

መዝገቡን ሰጣት። ፈረመች። ስሟን ስትጽፍ አልቸኮለችም፣ እሱም አላቻኮላትም። ከዚያ ሱቋን ከፍተን አቧራውን ጠረግኩላት። የስፌት መኪናዋን የምትረግጠው በግራ እግሯ ነው፤ ግራው ደግሞ ጤነኛ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወንድሜ መጣ። ደጃፉ ላይ ቆሞ መኪናው ሲያንጓጓ አዳመጠ። እኔን አላየኝም፤ ቀና ብዬም አላገዝኩትም፣ ቂም ይዤያለሁ።

"ስትመለሺ ላዝልሽ" አላት ቀስ ብሎ።

"እግር አለኝ" አለች በአገጯ ወደ እኔ እያሳየች። "የጎደለኝ ዓይን ነው፤ የመርፌው ቀዳዳ አይታየኝም። እስካሁን ያልነገርኩህ ያንንም ደብዳቤ ውስጥ እንዳትጽፈው ብዬ ነው።"

መርፌውንና ክሩን ዘረጋችለት። ወንድሜ ደንበኛ የሚቀመጥበት ዱካ ላይ ተቀመጠና ክሩን በምራቁ አሹሎ መሞከር ጀመረ። ሁለቴ፣ ሦስቴ ሳተ። ስድስተኛው ላይ ገባለት።

"ነገም ከሥራህ በፊት ትመጣለህ" አለችው፣ ሌላ መርፌ እያቀበለችው።