የስደቱ አባት

በገንዳ ውሃ ዙሪያ «የስደቱ ቤት» ሲባል የማያውቅ የለም። ሰሊጥና ማሽላ የሚያመርቱ፣ ከሰው የማይጣሉ ደጎች ናቸው። ዘር ቁጠሩ ሲባሉ ግን ሁሉም ስደቱ ላይ ሲደርሱ ይቆማሉ። ስደቱ ሚስቱን ትርሐስን ይዞ ከደጋ ወደ ቆላ ወረደ፤ የማን ልጅ እንደነበረ ሳይናገር በወባ ሞተ።

ይህ ነገር መስከረምን ያንገበግባት ነበር። ጎንደር ስትማር ጓደኞቿ እስከ ነገሥታቱ ዘመን ድረስ ሲቆጥሩ እሷ ቅድመ አያቷ ላይ ዝም ትላለች። ተመርቃ ስትመለስ አባቷን አቶ ፈረደን ጠየቀቻቸው።

«ተይው ልጄ» አሏት። «እኔም አባቴን ስጠይቀው ይቆጣኝ ነበር።»

አልተወችም። የስደቱንና የትርሐስን ስም ፌስቡክ ላይ ጽፋ፣ «የምታውቁን ወገኖች ካላችሁ» ብላ ስልክ ቁጥሯን አስቀመጠች። ሰሊጡ ታጭዶ ነዶው በቆመበት ሰሞን ምንይችል የሚባል ሰው ከሳንጃ ደወለላት። «ሐረጋችሁን አውቀዋለሁ» አለ። ብዙም ሳይቆይ እርሻቸው ድረስ መጣ።

ከሣርና ከእንጨት በተሠራው ራኩባ ጥላ ሥር አስቀመጡት። ምግብ ቀረበ፤ ሆዴን አሞኛል አለ። ውሃ ሰጡት፤ በዚያ ሙቀት አቧራ ለብሶ መጥቶ ውሃውንም አልነካም። አቶ ፈረደ ያልተነካውን ጣሳ አየት አደረጉ።

«ስደቱ እዚህ የወጣለት ስም ነው» ብሎ ጀመረ ምንይችል። «አባቱ ያወጣለት ገላው ነው። ገላው ደስታ፣ ደስታ ቢተው፣ ቢተው ወልደ ገብርኤል...» ሳይደናቀፍ እየቆጠረ ወጣ፤ ጎንደር ግንብ ሲታነጽ ድንጋይ ይጠርብ ነበር እስከተባለው እስከ ክፍለ ኢየሱስ ደረሰ።

መስከረም በደስታ እንባዋ መጣ። «አንተ ምናችን ነህ ታዲያ?»

«ዝምድናስ የለንም።»

«እኛ ያላወቅነውን የእኛን ስም ማን አስጠናህ?» አሉ አቶ ፈረደ፤ ድምፃቸው ዝቅ ብሏል።

«አያቴ ናቸው። ልጆች ሳለን ዘወትር ከጸሎት በፊት ያስቆጥሩን ነበር፤ እንዳንረሳ። ገላው በእርሻ ወሰን ተጣልቶ የአያቴን አባት ገድሎ ነው የጠፋው።» ተነሣ። «ሦስቱ አጎቶቼ የልጅዎን ጽሑፍ አይተው፣ እነሱ መሆናቸውን አጣርተህ ና አሉኝ። እርስዎን አልጠላዎትም፣ አባቴ። የተላክሁ ነኝ።»

መስከረም የጻፈችውን አጠፋችው። ምን ይጠቅማል? ከዚያ ወዲህ ወንድሟ አንዱአምላክ ብቻውን ትራክተር ላይ አይወጣም፤ ውሻ በጮኸ ቁጥር ቤተሰቡ እርስ በርሱ ይተያያል።

አቶ ፈረደ ሽማግሌና ቄስ ይዘው ወደ ሳንጃ ለመሄድ ቆረጡ። መስከረም እቀራለሁ አላለችም። ከሳንጃ ወጣ ብሎ ባለው ቤተ ክርስቲያን ቅጥር አባቷ ድንጋይ በጫንቃቸው ተሸክመው፣ ላልገደሉት ሰው ይቅርታ ለመጠየቅ በሟች ወገን ፊት ተንበረከኩ። የምንይችል ትልቁ አጎት ቀረበ። ድንጋዩን ከጫንቃቸው አነሣላቸው። ደም ላይፈላለጉ ማሉ፤ አብረው በሉ። ምንይችልም በላ።

መስከረም ዓይኗን በሰዎቹ ላይ አዞረች። «አጎቶችህ ሦስት ናቸው አላልክም?» አለችው።

ምንይችል እንጀራውን አስቀመጠ። «ደምለው መተማ ዮሐንስ ነው ያለው፤ ድንበር ላይ ይሠራል። ላክንበት፤ አልመጣም።»

መተማ ዮሐንስ ከሳንጃ ይልቅ ለእነሱ ይቀርባል። ቤታቸው እንደገቡ መስከረም ምንይችል በሰጣት የደምለው ቁጥር ደወለች፤ ደጋግማ ደወለች። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ስልኩ ተነሣ።

«እርቁን ሰምቻለሁ» አለ ረጋ ያለ ድምፅ። «እኔ ግን አልማልኩም።» ዘጋው።

አቶ ፈረደ አንዱአምላክን በማግስቱ በጭነት መኪና ወደ ገለጉ፣ ወደ አክስቱ ላኩት። እንሂድ ብላ መስከረም ብትለምናቸው እምቢ አሉ፤ ሰሊጡ ካልተራገፈ ሊረግፍ ነው። ከደጋ የመጡ የቀን ሠራተኞች፣ ማንም የማያውቃቸው፣ ሸራቸውን ይዘው ወደ ማሳው ይገቡ ነበር። እሳቸውም ባርኔጣቸውን አድርገው ተከተሏቸው።