«አትንገረኝ» ባዩ መካኒክ

ሰፈሩ ሁሉ «ጆሮ» ይለዋል። ስም አውጪ መቼም አይጠፋም፤ ይህኛው ግን በልኩ የተሰፋ ስም ነው። መኪና ሲመጣለት ኮፈኑን ያስከፍታል፣ ሞተሩን ያስነሳል፣ የረጅሙን ካቻቢቴ ጫፍ ብረቱ ላይ ያሳርፍና እጀታውን ጆሮው ላይ ለጥፎ ዓይኑን ይጨፍናል። ኩሽኔታው ነው ካለ ኩሽኔታው ነው። ቺንጊያው ነው ካለ ቺንጊያው ነው። ሲፈቱት ተሳስቶ ያየው ሰው የለም።

ታዲያ አንድ ሕግ ነበረው። ባለ መኪናው ሌላ ጋራዥ ወስጄው ነበር፣ እነሱ እንዳሉት ከሆነ ብሎ ሲጀምር መዳፉን ፊቱ ላይ ዘርግቶ ያስቆመዋል። «አትንገረኝ» ይላል። ወጣት ሳለ አንድ ባለ ታክሲ የሌላ መካኒክ ቃል ነግሮት፣ እሱም ያንኑ አምኖ ካንዴላ ቀይሮ ሰደደው፤ ሞተሩ ዳገት ላይ ነክሶ፣ አልዞር ብሎ ቀረ። ከዚያ ወዲህ የሌላ ሰው ወሬ ጆሮ ይደፍናል ባይ ሆነ። ለብረት እውነቱን ነው፣ ማንም አይከራከረውም። ምን ያደርጋል፣ ሰው ብረት አይደለም።

ሚስቱ መጋረጃ ሰፊ ናት። ሳሎናቸው ግማሹ የእሷ ነው፤ የስፌት መኪናዋ መስኮቱ ሥር፣ የጨርቁ ጥቅል ግድግዳውን ተደግፎ፣ መርፌው ደግሞ እግር በረገጠበት ሁሉ። ጋራዡ ከግቢው በር አጠገብ ስለሆነ እሱ ከመኪና ሆድ ሥር ተኝቶ የእሷን መኪና ሲሄድ ይሰማል። ትዳራቸው በአብዛኛው እንደዚህ ነበር፤ ብዙ አያወሩም፣ ግን ይሰማማሉ።

ሳል ያዛት። ጉንፋን ነው ተባለ፤ ከዚያ የጨርቁ ብናኝ ነው ተባለ። ሳሉ ግን አልለቅ አለ። አንድ ቀን ስትስል ቆይታ ትንፋሿ ሲመለስ፣ «እስቲ ካቻቢቴህን አምጣና ስማኝ» ብላ ቀለደችበት። ሁለቱም ሳቁ። በሳምንቱ ሐኪም ዘንድ ወሰዳት።

ሐኪሙ ንግግሩን የማያቻኩል ሸምገል ያለ ሰው ነበር። ራጅ አስነሳት፣ ፊልሙን ወደ መስኮቱ አንስቶ ብዙ አየው፣ ዝቅ አድርጎ እንደገና አየው።

«ሳምባቸው ላይ ትንሽ ነጠብጣብ ትታየኛለች» አለ። «የድሮ ቁስል ጠባሳ ልትሆን ትችላለች፣ ሌላ ነገርም ልትሆን ትችላለች። ዛሬ ላይ አልለየልኝም። ከሦስት ወር በኋላ ይህንኑ ፊልም ይዛችሁ ተመለሱ።»

መካኒኩ መጀመሪያ ፈራ። ከበር ሲወጣ ግን ፍርሃቱ ተገልብጦ ንዴት ሆነ። በእሱ ሥራ አልለየልኝም የሚል ሰው ሥራውን የማያውቅ ሰው ነው። እስቲ አስቡት፣ የታመመ መኪና ይዞ ለመጣ ሰው ሦስት ወር ንዳውና ተመለስ ብትለው መንደሩ ይስቅብህ የለም? መንገዱን ሙሉ ሲያጉረመርም ሄደ። ሚስቱ ፊልሙን ይዛችሁ ተመለሱ ብሎናል እኮ ብላ ቀስ ብላ ብታስታውሰው፣ ሌላ ዘንድ እንሄዳለን አላት፤ ለዚያኛው ደግሞ ስለዚህኛው አንዲት ቃል ትንፍሽ እንዳትዪ። ፊልሙን ካሳየነው እሱኑ አንብቦ ይመልስልናል እንጂ አይመረምርሽም አለ። እሷም የሰው ሁሉ መኪና ከእጁ ድኖ ሲወጣ ስታይ የኖረች ናት፤ አመነችው። እውነቱን ለመናገር፣ ሌላ ነገርም ልትሆን ትችላለች የተባለ ሰው ሌላ ቃል መስማት ያምረዋል። ፊልሙን ጣይው ብሏት ነበር፤ እሺ አለችው።

ታናሽ እህቷ አስተማሪ ናት፣ ምላሷም ያው የአስተማሪ ነው። ነገሩን ስትሰማ እጇን በአፏ ጫነች። «ጋሼ፣ እኔ አንድ ልጅ ባለፈው ስንት እንዳመጣ ሳላውቅ ጎበዘ ወይስ ሰነፈ ብለህ ብትጠይቀኝ ምን እልሃለሁ?» አለችው። እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ጆሮነትህ ለመኪና ብቻ ነው ብላ ቦርሳዋን አንስታ ሄደች።

ከጥቂት ወራት በኋላ የሄዱበት ሁለተኛው ሐኪም ባለ መነጽር ነበር። ካየ፣ ከጠየቀ በኋላ፣ ከዚህ በፊት ራጅ ተነስተው ያውቃሉ ወይ አለ። መካኒኩ ሚስቱ አፏን ሳትከፍት «የለም፣ የመጀመሪያችን ነው» ብሎ መለሰ። እሷ አቀርቅራ መርፌ የበሳሳውን ጣቷን ታሻሽ ጀመር። ሐኪሙም አዲስ ራጅ አስነስቶ ነጠብጣብ አየ፤ ጠባሳ ሳትሆን አትቀርም፣ ግን እርግጠኛ አይደለሁም አለ፤ የድሮ ፊልም ቢኖር ከዚህ ጋር አስተያይቼ ቁርጡን እነግራችሁ ነበር አለ። ለጥንቃቄ ከሦስት ወር በኋላ ተመለሱ ብሎ ሸኛቸው።

ያቺ ቃል እዚያው ክፍል ውስጥ ተነግራ ነበር እኮ። የድሮ ፊልም ቢኖር። ያ የጆሮ ሊቅ የሰማው ግን እርግጠኛ አይደለሁም የምትለዋን ብቻ ነው። ይኸኛውም አያውቅም አለ። ወራት አልፈው ሦስተኛው ዘንድ፣ በሩ መስታወት የሆነ ትልቅ ክሊኒክ ሄዱ፤ እዚያም ራጅ አስነሷት፣ እዚያም ጠየቋቸው፣ እዚያም የለም አለ፣ እዚያም ተመለሱ ተባሉ። ሰውዬው ሦስት የማያውቁ ሐኪሞች አገኘሁ ብሎ ደመደመ። ሦስቱም አንድ ዓይነት ቃል እንደተናገሩ ልብ አላለውም።

በዚህ መሀል ሴትዮዋ እየቀለለች ሄደች። ቀሚሷን ራሷ አጠበበችው፤ ቆየችና ደግማ አጠበበችው። የጨርቅ ጥቅል ማንሳት ሲያቅታት እህቷ ከትምህርት ቤት ስትመለስ እየመጣች ታነሳላት ጀመር። መካኒኩ ደግሞ ከጋራዡ ሆኖ የስፌት መኪናዋ ሄድ ብሎ ቀጥ፣ ሄድ ብሎ ቀጥ ሲል ይሰማል። ምን አደረገ ብትሉ፣ አንድ እሁድ ዘይት ይዞ መጣና መኪናዋን ፈታታት። ቺንጊያዋን አጠበቀ፣ መዘውሯን ቀባ፣ አሁን እንደ አዲስ ትሄዳለች አለ። ሚስቱ አመሰገነችው። በማግስቱም መኪናዋ ሄድ ብላ ቀጥ ትል ነበር፤ ለካ የምታቆማት ሴትዮዋ ናት፣ እስክትተነፍስ።

አንድ ጠዋት ነጭ የመጋረጃ ዳንቴል ላይ ደም ሳለች። ያን ጊዜ እህቷ ማንንም አልጠየቀችም። ከሥራዋ ፈቃድ ወስዳ፣ ሁለቱንም ወደ አንድ በሰው የተጨናነቀ ሆስፒታል ይዛቸው ሄደች፤ የሳምባ ሐኪም የሆነች ወጣት ሴት እዚያ ነበረች። አዲስ ምርመራ ታዘዘ፣ ውጤቱ መጣ፣ ሐኪሟም ያችኑ ጥያቄ ጠየቀች፤ የድሮ ፊልም አላችሁ?

መካኒኩ የለም ሊል አፉን ከፈተ። ሚስቱ ግን ጉልበቷ ላይ ይዛው የመጣችውን ጥቅል ትፈታ ነበር። በቁራጭ መጋረጃ የተጠቀለሉ ፊልሞች ናቸው። አንዱንም አልጣለችም፤ በጨርቁ ጥቅሎች መሀል አቆይታቸው ኖሯል። እሱ ፊልሞቹን ሲያይ ያልጋበዙት ወንበር ላይ ተቀመጠ።

ሐኪሟ መብራት ያለበት ሰሌዳ ላይ በየተራ ሰቀለቻቸው። ከዚያ በኋላ ማብራሪያ የፈለገ ሰው አልነበረም። መጀመሪያው ላይ ምስር የምታክል ናት፤ ሁለተኛው ላይ ሽምብራ፤ ሦስተኛው ላይ የባቄላ ያህል ሆናለች። አራተኛውን መካኒኩ አላየውም፤ ዓይኑ ወለሉ ላይ ነበር።

«እነዚህን ጎን ለጎን ያየ ሐኪም ነበር?» አለች ሐኪሟ።

እህቷ አፏን ልትከፍት ስትል ሚስቱ በዓይኗ ቆነጠጠቻት።

«የለም» አለች ሚስቱ። «እኔ ነኝ የደበቅኩት።»

መካኒኩ እኔ ነኝ ማለት ነበረበት። ዝም አለ። በሕይወቱ እንደዚያች ዝምታ ያሳፈረው ነገር የለም፤ ግን ዝም አለ።

ሐኪሟ ጥሩ ሰው ናት። ወንበሯን ሳብ አድርጋ ሴትዮዋ ፊት ተቀመጠች፣ ከባልና ከእህት ጋር ሳይሆን ከእሷ ጋር አወራች። ምን ያህል ማወቅ እንደምትፈልግ ጠየቀቻት።

«ሁሉንም ይንገሩኝ» አለች ሚስቱ።

ሁሉንም ነገረቻት። ካንሰሩ ወደ ጉበቷና ወደ አከርካሪዋ ተሰራጭቷል፤ በቀዶ ሕክምና የሚወጣበት ጊዜ አልፏል። የቀረው ሕመሙን ማስታገስና ትንፋሿን ማቅለል ነው፤ ያንን ግን ሳንሰለች እናደርጋለን አለች። መድኃኒቱን ጻፈች፣ አወሳሰዱን ሁለት ጊዜ አስረዳች፣ የራሷን ስልክ ሰጠቻቸው። ድሮ ቢሆን መካኒኩ እንዲህ ያለ ሐኪም አገኘሁ ብሎ ደረቱን ይነፋ ነበር።

እሱ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀ። መጀመሪያ እርስዎ ዘንድ መጥተን ቢሆንስ አለ።

«በመጀመሪያው ፊልም እኔም አልለየልኝም ነበር የምለው» አለች ሐኪሟ። «ሁለተኛውን ከጎኑ ባየው ግን…» አልጨረሰችውም።

ጋራዡ ተዘጋ። ባለ መኪኖች በሩን ያንኳኳሉ፣ ይሄዳሉ። ሚስቱ አልጋ አልወድም ብላ ቀኑን መስኮቱ ሥር፣ በስፌት መኪናዋ ወንበር ላይ ትውላለች፤ እሱ መድኃኒቷን በሰዓቱ ይሰጣታል፣ ትራሷን ያስተካክላል፣ የሚያስተካክለው ሲያጣ ቆሞ ያያታል። እህቷ አንድ ጊዜ እንኳ ወቅሳው አታውቅም። እሱ ብትሰድበው ይመርጥ ነበር።

አንድ ከሰዓት ሚስቱ ጠራችው።

«እስቲ ካቻቢቴህን አምጣና ስማኝ» አለች።

ሊስቅ ሞከረ፣ አልሆነለትም። ካቻቢቴውን አላመጣም። ከኋላዋ ተንበረከከና ሹራቧን ገለጥ አድርጎ ጆሮውን ጀርባዋ ላይ አሳረፈ፤ አጥንቷ ጉንጩን ወጋው። እንደ ልማዱ ዓይኑን ጨፈነ። በቀኝ በኩል አየሩ ጥቂት ገብቶ ይቆማል፤ ከታች ውሃ ይንተከተካል፤ በግራ በኩል ከነጭራሹ ድምፅ የለም። በሕይወቱ እንደዚህ አጥርቶ የሰማው ነገር አልነበረም።

«ምን አለህ?» አለች።

እንባው ጀርባዋ ላይ እንዳይወርድ ራሱን ቀና አደረገ።

«አልለየልኝም» አለ።

ሹራቧን ራሷ ወደታች ሳበች። ዞራ አላየችውም።

«እንግዲያው ከሦስት ወር በኋላ ተመለሺ በለኛ» አለች።

ሦስት ወር እንደሌላት ሁለቱም ያውቃሉ። እሱ እንደተንበረከከ እጇን ያዘና ተመለሺ አላት።