የሙሉ ታደሰ ቦታ

ዓለሚቱ ታናሽ ወንድሟን ማሩን አዝላ ነው ያሳደገችው። እናታቸው የሞተችው እሱ ጡት ሳይጥል ነበር፤ እሷ ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ናት። አድጎ ሚስት ሲያገባ ጠላውን የጠመቀች፣ ድግሱን የደገሰች እሷ ናት። አብዮቱ መጥቶ የገበሬ ማኅበር ሲቋቋምና ማሩ ፊደል የቆጠረ ነው ተብሎ ሊቀመንበር ሲመረጥም፣ ጉና ተራራ ሥር ካለው ሰው ሁሉ አብልጣ እልል ያለች እሷ ነበረች። ማኅተም በኪሱ ከያዘ በኋላ እንኳ ማሩ በሰው ፊት "እታለም" እያለ ነው የሚጠራት። ባሏ ታደሰ የሞተባት ጊዜ ከራሱ ማሳ አስቀድሞ የእሷን ገብስ የዘራላት እሱ ነው።

ታደሰ የተወላት አንድ ልጅ ነበረች፤ ሙሉ ትባላለች። በሦስት ዓመቷ ማጅራት ገትር ያዛትና ነፍሷ ተረፈች፤ ጆሮዋ ግን ቀረ። ጆሮዋ ሲቀር የጀማመረችው ንግግርም አብሮ ጠፋ። ጎረቤቱ "የታደሰ ዱዳ" ይላታል። ዓለሚቱ እንግዳ ሲመጣ ልጅቱን ወደ ጓዳ ታስገባት ነበር፤ አፍራባት ሳይሆን ሰው ሲያፈጥባት ማየት ስለማይሆንላት።

በ1978 ዓ.ም. ግንቦት ላይ ዘነበች የምትባል አስተማሪ ከደብረ ታቦር በበቅሎ መጣች። ቀጭን ናት፤ ብርዱ ከንፈሯን ሰነጣጥቆታል። ከተማው ውስጥ ባለ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ጆሯቸው ለማይሰማ ልጆች ክፍል ሊከፈት ነው አለች፤ መኝታና ቀለብ ከመንግሥት ነው፤ በጀቱ የተፈቀደው ለአሥራ ሁለት ልጅ ብቻ ነው።

"ከአሥራ ሁለት ካነሰ ግን በጀቱ ይመለሳል" አለች ዘነበች። "ስድስት አግኝቻለሁ። የቀረው ሰው ልጁን ደብቆ የለም ይለኛል።"

"እሱስ፣ ጆሮ የሌለው ምን ይማራል እቴ?" አለቻት ዓለሚቱ።

ዘነበች ሙሉን ከጓዳ አውጥታ አጠገቧ አስቀመጠችና በእጇ ምልክት ታሳያት ጀመር። ፀሐይ ሳትዘቀዝቅ ልጅቱ "ውሃ"ን፣ "በግ"ን፣ "እናት"ን በእጇ ትናገር ነበር። "እናት" ብላ ወደ ዓለሚቱ ስትዞር ዓለሚቱ ፊቷን በነጠላዋ ሸፈነች።

ከዚያ በኋላ ከቤት ቤት እየዞረች አስተማሪቱን የመራቻት ራሷ ዓለሚቱ ናት። በር የዘጋባቸውን ሁሉ "የእኔን ቀድሜ ሰጥቻለሁ፤ እናንተ ምን ሆናችሁ?" እያለች ለመነች። በእሷ ልመና ከዚያው ቀበሌ ሁለት ቤተሰቦች ልጆቻቸውን አስመዘገቡ፤ ሦስት ልጆችም ከአጎራባች ቀበሌ ተገኙ። የቀረው የገበሬ ማኅበሩ ደብዳቤ ብቻ ነበር፤ እሱን ማሩ በራሱ እጅ ጽፎ፣ ማኅተም መትቶ "እኔው ከተማ ስወርድ አደርሰዋለሁ፣ እታለም" አለ። ዘነበች ለሥልጠና ወደ አዲስ አበባ ሄደች፤ እስከ ታኅሣሥ አትመለስም።

መስቀል አልፎ ዓለሚቱ ልጇን አጥባ፣ ጸጉሯን ሠርታ፣ ግማሽ ቀን በእግር ተጉዛ ደብረ ታቦር ገባች። የትምህርት ቤቱ ርዕሰ መምህር ሙላቴ የሚባል፣ ቃሉ ለስላሳ የሆነ ሰው ነው። መዝገቡን ገለጠ።

"ስሟን ማን አልሽኝ?"

"ሙሉ ታደሰ።"

ጣቱን እያወረደ ታች ድረስ ሄደ። "ሙሉ ታደሰ ገብቷል።"

"ገብቷል?"

"ከገባ ሳምንቱ ነው። ደብዳቤው ይኸው። አሥራ ሁለቱም ሞልተዋል።" ከዚያ ቀና ብሎ ልጅቱን አያት፤ አይቶም መዝገቡን ዘጋው። "ስህተት ሳይኖር አይቀርም፣ እናቴ። ለከርሞ እናያለን። ለአሥራ ሦስተኛ የማበላው በጀት የለኝም።"

ዓለሚቱ ግራ ገብቷት ወጣች። ግቢው ውስጥ ልጆቹ በርሜል ከበው እጃቸውን ይታጠባሉ። መሃላቸው አንድ ጎረምሳ ቆሟል፤ ከሁሉም በራስና በትከሻ ይበልጣል። ጀርባውን ነው የሰጣት፤ ነገር ግን ያን ጀርባ ታውቀዋለች።

"ካሳሁን!" ብላ ጮኸች።

አሥራ አንዱ ልጆች መታጠባቸውን ቀጠሉ። ጎረምሳው ዞረ።

የማሩ ልጅ ነው። አሥራ ስምንት ዓመት ሞልቶታል። ጳጉሜ ላይ የብሔራዊ ውትድርና ኮታ ሲመጣ፣ ስምንት የሰው ልጅ ልከሃልና አሁን ተራው ያንተ ልጅ ነው ብሎ ሕዝቡ ማሩን ይዞት ነበር፤ እሱም ልጄ ይፋግ ከተማ ካሉ የእናቱ ዘመዶች ዘንድ ለንግድ ከሄደ ቆይቷል ብሎ ምሎ ነበር። ካሳሁን አክስቱን አየ፤ ፊቱ አመድ መሰለ፤ ራሱን ደፋ። ሙሉ የአጎቷን ልጅ በማየቷ ደስ ብሏት እየሮጠች ሄዳ እጁን ያዘችው።

ዓለሚቱ ወደ ቤቷ አልሄደችም፤ በቀጥታ ማሩ ደጅ ወጣች። አጥር ሲያጥር አገኘችው። ገና ሲያያት መጥረቢያውን አስቀመጠ።

"አየሽው" አለ።

"በልጄ ስም? ሙሉ የወንድም የሴትም ስም ነው ብለህ?"

"እታለም፣ የተማሪ መታወቂያ ያለው ደንቆሮ አይታፈስም። ሌላ መንገድ አጣሁ። ስሟ እዚያው መዝገብ ላይ ነበረ፤ ርዕሰ መምህሩም ... ተስማማን።"

"በምን ተስማማችሁ?"

ዓይኑ ወደ በረቱ ሄደ። በረት ውስጥ የነበሩት ሁለት ሙክቶች አለመኖራቸውን ያኔ አየች።

"ለአንድ ዓመት ነው" አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። "ሙሉ ልጅ ናት፤ ትቆያለች። የሰሜን ጦርነት ግን አይቆይም። በእናታችን አጥንት ይዤሻለሁ፤ ከአፍሽ እንዳይወጣ። ከወጣ ልጄ ሞተ።"

"ቦታዋን ሳትጠይቀኝ ወሰድከው፣ ማሩ። ብትጠይቀኝ ምናልባት እሰጥህ ነበር።"

ሆድ ይፍጀው ብላ ምስጢሩን ያዘች። በእሷ ልመና ልጆቻቸውን የላኩት እናቶች "የኛን አስልከሽ የአንቺስ ለምን ቀረች?" ሲሏት "ሞልቷል አሉኝ" ትላለች። "እኛን ማገዶ አድርጋ የራሷን አስቀረች" የሚል ሐሜት ደረሳት፤ እሱንም ዋጠችው። ከሁሉ የከበዳት ሙሉ ናት። ልጅቱ በየጠዋቱ የተሠራላትን ቀሚስ ለብሳ ደጅ ትቀመጣለች፤ መንገዱን እያሳየች በእጇ ትጠይቃለች፤ ዓለሚቱ የምትመልስበት ምልክት አልነበራትም።

መጋቢት ላይ የትምህርት ቤቱ ዘበኛ ከሙላቴ መልእክት ይዞ መጣ። "ቦታ ተገኝቷል፤ ነገውኑ ልጅሽን አምጪ" ይላል።

ዓለሚቱ ነገሩን የተረዳችው በበጎ ነው። ወንድሜ ልቡ ተመለሰ፣ ልጁን ወደ ሌላ ቦታ አሸሽቶ ለልጄ ቦታዋን ለቀቀላት አለች። ጎሕ ሲቀድ መንገዷን አዙራ ልታመሰግነው ቤቱ ሄደች። የለም፤ ከተማ ወርዷል አሏት። ለሚስቱ "እግዜር ይስጥልኝ በይልኝ፤ እሱ ያውቀዋል" ብላ ሄደች። ይህ ቃል በኋላ ምን ሆኖ እንደሚተረጎም አላሰበችም።

ትምህርት ቤቱ ስትደርስ ሙላቴ በር ላይ ይጠብቃት ነበር። ልጅቱን ተቀብሎ ከልጆቹ ጋር አሰለፋት። ተማሪ ሊቆጥሩ ከጎንደር የመጡ ሦስት ሰዎች በሰልፉ ኋላ እየሄዱ ቆርቆሮ መቱ፤ ማንም አልዞረም። መዝገቡን ጠሩ። "ሙሉ ታደሰ" ሲባል ሙላቴ የልጅቱን ትከሻ ነካ። አሥራ ሁለት ብለው ጻፉና ሄዱ።

ዓለሚቱ ደስታዋን ይዛ ከግቢው ስትወጣ ማሩ ከወዲያ ይመጣል። የገበያ ቀን ስለነበር መንገዱን ሰው ሞልቶታል። እጆቿን ዘርግታ ተቀበለችው።

ገፈተራት። "ልጄን በልጅሽ ለወጥሽው!" ብሎ ጮኸ። "ትናንት ማታ አፈሱት! የገዛ እህቴ አፏን ከፍታ አስበላችው! እዩአት፣ እዩልኝ!"

ለገበያ የወረደው የቀበሌው ሰው በሙሉ ሰማ፤ ልጁ የተደበቀበትን ጠቁማ ለልጇ ቦታ አገኘች ተባለ። ለሊቀመንበሩ ልጅ የሚያዝን ብዙ ሰው አልነበረም፤ ስምንት ቤት ልጁን ሰጥቷል። ነገር ግን ወንድሟን አሳልፋ የሰጠችን ሴት ማን ይጠጋታል? የማሩ ሚስትም "እግዜር ይስጥልኝ ብላኝ ሄደች" እያለች በየቤቱ አለቀሰች። ከዚያ በኋላ ዓለሚቱ ወንፈል ስትጠይቅ ሰው ሥራ አለብኝ አላት። የማርያም ማኅበር ላይ ጽዋው ከግራ ጎረቤቷ ወደ ቀኝ ጎረቤቷ አለፈ። ድንቿ ሳይኮተኮት አረም ዋጠው። እሷ ግን ቀን ሲያልፍ፣ ማሩ እንባው ሲደርቅ ያምነኛል ትል ነበር።

ሰኔ ላይ ሙሉን ልትጠይቅ ወረደች። ዘነበች ወደ መማሪያ ክፍሉ አስገብታ በሩን ዘጋችው።

"ስላንቺ የሚወራውን የሰማሁት ትናንት ነው" አለች። "ልጁን ያስያዘው ሙላቴ ነው። ቆጣሪ ይመጣል የሚል ደብዳቤ ደረሰውና ደነገጠ። መታወቂያውን ለእድሳት ብሎ ተቀበለው፤ ወዲያው ጨው ግዛ ብሎ ወደ ሱቅ ላከው። አፋሾቹ መንገድ ላይ ይጠብቁት ነበር።"

"አንቺ በምን አወቅሽ?"

ዘነበች የተሰነጠቀ ከንፈሯን ነከሰች። "ሲነግራቸው እዚያው ነበርኩ። ከታኅሣሥ ጀምሮም ልጁ እንደሚሰማ አውቃለሁ። ብናገር ክፍሉ ይዘጋል፤ አሥራ አንድ ልጅ ወደ ጓዳ ይመለሳል ብዬ ዝም አልኩ። ይቅር በይኝ።"

ዓለሚቱ ለይቅርታው አልቆመችም። ልቧ ወደ ጉና በሮ ነበር። አሁን የምትነግረው እውነት አላት። ዳገቱን እንደ ልጃገረድ ወጣችው።

ማሩ ከቤቱ ኋላ ብቻውን ተቀምጧል። ሁሉንም ትንፋሽ ሳትወስድ ነገረችው። ራሱን አላነሳም።

"አውቃለሁ" አለ።

"ምኑን ታውቃለህ?"

ከኮቱ ኪስ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። "ካሳሁን ከማሠልጠኛው ጽፎልኛል። ማን እንደላከው፣ ማን እንደጠቆመበት፣ አፋሾቹ የነገሩትን ሁሉ ጽፏል። ከፋሲካ ጀምሮ በእጄ ነው።"

"ከፋሲካ ጀምሮ!" አለች ዓለሚቱ። መሬት ተቀመጠች። "ከፋሲካ ጀምሮ ሰው እሳት እንኳ ሲከለክለኝ እያየህ?"

"ምን ልበል? ርዕሰ መምህሩ ነው ካልኩ፣ የአንተ ልጅ እዚያ ምን ይሠራ ነበር ይሉኛል። ሙክቱ ይወጣል፤ የሐሰት ደብዳቤው ይወጣል። ስምንቱ አባቶች በቁሜ ይቆራርጡኛል። አንቺ ነሽ ሲባል ግን ... እህቱ ከዳችው ይባልና ሰው ያዝንልኛል።" ለመጀመሪያ ጊዜ ቀና ብሎ አያት። "አንቺ ትችዪዋለሽ ብዬ ነው፣ እታለም። ሁልጊዜም ትችዪ ነበር።"

"ደግመህ እታለም እንዳትለኝ" አለችው።

ተነሥታ ሄደች። ለአንድም ሰው አልተናገረችም፤ ብትናገርም ቃሏን ከሊቀመንበር ቃል የሚያስበልጥ አልነበረም። ያን ክረምት ላሟን ሸጣ ደብረ ታቦር አንድ ክፍል ተከራየች፤ ድንችና ሽንኩርት ትቸረችር ጀመር። የቤቱ በር ከትምህርት ቤቱ ብዙ አይርቅም። ሙላቴ በሹመቱ እንዳለ ነው፤ ሲያልፍ ባርኔጣውን አንሥቶ "እንደምን አደርሽ፣ እናቴ" ይላታል። በቁጥሩ ትክክለኛነት ተመስግኖ በጀቱ ለሃያ ልጅ አድጎለታል። እሷም ልጇ የምትበላው ከዚያ በጀት ነውና "እግዚአብሔር ይመስገን" ትለዋለች። ከዚህ ሰላምታ የበለጠ የመረራት ነገር አልነበረም።

ሙሉ ሦስት ዓመት ተማረች። ማንበብ ቻለች፤ መጻፍ ቻለች፤ ለእናቷም የእጅ ቋንቋውን አስተማረቻት። ጦርነቱ ወደ ከተማው ሲቀርብ ክፍሉ ተዘጋ፤ አልጋዎቹን ወታደር ወሰዳቸው። ልጅቱ "መቼ ይከፈታል?" ብላ ስትጠይቅ ዓለሚቱ አሁን የምትመልስበት ምልክት ነበራት፤ "አላውቅም" አለቻት።

በ1983 ዓ.ም. ሰኔ ላይ የተበተነው ሠራዊት በየመንገዱ መጣ። ሰዎቹ ባዶ እግራቸውን ናቸው፤ ይለምናሉ፤ ያነክሳሉ። ዓለሚቱ ድንች ቀቅላ መንገድ ዳር ወጣች። ለእያንዳንዱ አንድ አንድ እየሰጠች "ካሳሁን ማሩ የሚባል፣ የጉና ልጅ?" ትላለች። በሦስተኛው ቀን ከመንገዱ ማዶ ማሩን አየችው። ሽበት ወርሶታል፤ ሊቀመንበርነቱም ቀርቶ ማኅተሙም ተነጥቋል። እሱም ያንኑ ስም ይጠራል።

እንዲህ ሆነው አንድ ሳምንት በየበኩላቸው ቆሙ። በመጨረሻው ቀን፣ የሚመጣው ሰው ሲመናመን፣ ማሩ መንገዱን ተሻግሮ ፊቷ ቆመ። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ምን ብሎ እንደሚጠራት ግን አጣ።

ዓለሚቱ የቀረውን ድንች በቅጠል ጠቅልላ እጁ ላይ አስቀመጠችለት።

"ብላ" አለችው። "ከዚያ ወደ ቀበሌው ተመለስና በእኔ ላይ ያልከው ሁሉ ሐሰት መሆኑን ለሰው ተናገር። ያን ቀን እመጣለሁ።"

ማሩ ድንቹን ይዞ ወደ ጉና ወጣ። ካሳሁን አልመጣም። ማሩም ስለ መናገሩ እስከ ዛሬ ከቀበሌው የመጣ ወሬ የለም።