ጉላሹን ማን ነካው?

በእኛ ቤት ክዳን ሳያነሳ በድስት አጠገብ የሚያልፍ ሰው የለም። ውሃ ሊጠጣ የገባም፣ ስልኩን ሊሰካ የገባም መጀመሪያ ያነሳል፣ ያያል፣ ያማስላል፤ ከዚያ «ጨው አንሶታል» ብሎ ይጨምራል። ሳይቀምስ! እነሱ ፍቅር ይሉታል፤ እኔ ወረራ ነው የምለው።

የዚያን ቀን ግን ድስቴን እንዳይነኩ ለምኛቸው ነበር። ለመንኩ ስል እንደ እኔ አለማመን ነው፤ ወንድሜ «ጄኔራሏ ትእዛዝ አስተላለፈች» ብሎ ሳቀብኝ። ለምሳ የምትመጣው እንግዳ የምግብ ቤት ባለቤት ናት። ዋና ወጥ ሠሪዋ ጥሏት ስለሄደ፣ እጄን ቀምሳ ኩሽናዋን ልትሰጠኝ ወይም ልትከለክለኝ ነው። እኔ የምግብ ዝግጅት ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጬ አላውቅም። የተማርኩት ስልክ ላይ እያየሁ፣ እያሳረርኩ፣ ያሳረርኩትንም ራሴ እየበላሁ ነው። የማሳያት ወረቀት የለኝም፤ ያለኝ ድስት ነው።

የሃንጋሪዎቹን የሥጋ ወጥ፣ ጉላሽን፣ የመረጥኩት ስለማይዋሽ ነው። ሽንኩርቱ በስብ ቀስ ብሎ ወርቅ እስኪመስል ይበስላል። ከዚያ ድስቱ ከእሳት ይወርድና ፓፕሪካው፣ ያ የማያቃጥለው ቀይ ዱቄት፣ ያኔ ይገባል። ኃይለኛ እሳት ካገኘው ይመርራል፤ አንዴ ከመረረ ደግሞ የሚያስታርቀው የለም። ቀጥሎ የቅልጥም ሥጋ፣ ትንሽ ውሃ፣ የሻማ ያህል እሳት። ሁሉንም እንደ ሥርዓቱ አደረግሁ። ሥጋው መለስለስ ሲጀምር፣ ሽንኩርት ሽንኩርት እየሸተትኩ እንግዳ አልቀበልም ብዬ ገላዬን ልታጠብ ገባሁ።

ሳሙናው ፊቴ ላይ እንዳለ ማረሩ ሸተተኝ።

ፎጣ ጠምጥሜ ስወጣ ሦስቱም ምድጃውን ከበውታል። እናቴ ማማሰያ፣ አክስቴ የዱቄት ቆርቆሮ ይዘዋል፤ ወንድሜ እጁን ኪሱ ከትቷል።

«እሳቱን ማነው የጨመረው?»

«እንግዳ እየመጣ እሳቱ ያንቀላፋል! ላግዝሽ ብዬ ነው» አለ ወንድሜ።

«እኔ ደርሼ ውሃ ባልቸልስበት ኖሮ ከሰል ሆኖልሽ ነበር» አለች እናቴ፤ ምስጋና ትጠብቃለች።

«ውሃውንስ አበዛሽው» አለች አክስቴ። «ቀጥኖ ባየው በዱቄት አጠነከርኩት።»

«ጨውስ?»

እርስ በርስ ተያዩ። ሦስቱም ጨምረዋል።

ቀመስኩት። መራራ፣ ጨው በጨው የሆነ ሊጥ።

የበሩ ደወል ጮኸ። ልብሴን ለብሼ እስክመለስ እናቴ ለእንግዳዋ አቅርባላታለች። አንገቷ ላይ የቁልፍ ዘለላ ያንጠለጠለች፣ ፀጉሯን በአጭሩ የተቆረጠች ሴት ናት። አንድ ጉርሻ ዋጠች፣ አንድ ብርጭቆ ውሃ በአንድ ትንፋሽ አስከተለች።

«እጅሽ ይባረክ! በጣም ይጣፍጣል። ሰኞ ጀምሪ።»

እናቴ ጠቀሰችኝ። «እሺ» ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። ሥራውን እንዴት እንደምፈልገው እኔ ነኝ የማውቀው። ግን ደሜ ፈላ። ያንን አተላ የእኔ እጅ ነው ብላ ተቀብላ ልትሄድ!

ሳህኑን ከፊቷ አነሳሁት።

«ይሄ የእኔ አይደለም።»

«ኧረ ልጄ!» አለች እናቴ።

«መራራ ነው፤ እርስዎም ያውቁታል። ይሄን ጣፈጠኝ ካሉ፣ ነገ የእውነት ሲጣፍጥዎት በምን አውቃለሁ?»

ሴትዮዋ አፏን ጠረገች። «ሰው ቤት ገብቼ ምን ልበል? የሚችል ባጣ፣ በሰዓቱ የሚገባ ሰው ይበቃኛል ብዬ ነው።»

«እኔን አይበቃኝም። ይጠብቁኝ።»

ማቀዝቀዣውን ከፍቼ የቀረውን ሥጋ አወጣሁ።

«እሱ እኮ የእራታችን ነው!» አለ ወንድሜ።

«እራታችሁ ደርሷል። ሦስት ሆናችሁ ሠርታችሁታል።»

«እንግዳ በረሃብ ልትገድይ ነው? አዋረድሽኝ!» አለች እናቴ። ኩሽና ገብቼ በሩን ቆለፍኩት።

ትንሽ ቆይቶ ተንኳኳ። ሴትዮዋ ናት። «ስትሠሪ ማየት እፈልጋለሁ።»

«ማየት ይችላሉ። መንካት አይችሉም።» አስገብቻት እንደገና ቆለፍኩ።

በርጩማ ላይ ተቀምጣ ሽንኩርቱን፣ ፓፕሪካውን፣ ሥጋውን ተከታተለች። ድስቱ ተከድኖ ቀስ እያለ መንተክተክ ሲጀምር፣ «የበፊቱ ሠራተኛዎ ለምን ጥሎዎት ሄደ?» አልኳት።

«አመለኛ ነበር። ገባ ብዬ ክዳን ባነሳሁ ቁጥር ማንኪያ ይወረውራል።»

ይህን እያለች እጇ፣ የገዛ እጇ፣ ወደ ክዳኔ ይጓዛል።

«እጅዎን!»

እጇ አየር ላይ ቀረ። ቀስ ብላ መለሰችው፤ ሁለት እጆቿን ጉልበቷ መሃል ቀብራ፣ ድንች ገብቶ እስኪበስል ድረስ እንደዚያው ተቀመጠች።

ሲደርስ ጨለፍኩላት። «እጅሽ ይባረክ» አላለችም። በላች፣ ሳህኑን በዳቦ ጠረገች፣ ባዶውን ወደ እኔ ገፋችው። ደገምኩላት።

«ሰኞ» አለች በመጨረሻ።

«ክዳን የማነሳው እኔ ብቻ ነኝ።»

«የምግብ ቤቱ ባለቤት እኮ ነኝ፣ እቴ!»

«የቤቱ እርስዎ ነዎት። የድስቱ እኔ ነኝ።»

ከአንገቷ የቁልፍ ዘለላውን አውልቃ አንድ ቁልፍ ፈታችና ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

«የኩሽናው ነው። ከውስጥም ይቆልፋል።»

የበሩ እጀታ ተወዘወዘ። «ልጄ» አለች እናቴ ከውጭ፣ «ጨዉን ግን አየሽው?»

ቁልፉን ኪሴ ከተትኩት።