ርዕሰ መምህሩ የወጡበት ስብሰባ

ልደታ ማርያም አካባቢ ያለ አንድ የግል ትምህርት ቤት ባለፈው መስከረም የኬጂ ልጆቹን ነጭ ሹራብ አስለበሰ። ሐሳቡ የርዕሰ መምህሩ የአቶ ጂራታ ነበር፤ አምስቱ የአመራር አባላት በሙሉ ድምፅ አጸደቁት። በሁለተኛው ሳምንት ሹራቦቹ የሽሮ መልክ ያዙ።

አቶ ጂራታ አራቱን ባልደረቦቻቸውን ሰብስበው፣ "እንደሚቆሽሽ ያሰበ ሰው አልነበረም?" አሉ።

"እኔ አስቤ ነበር" አለች ምክትላቸው ለሊሴ። የኬጂ ኃላፊዋ ፀሐይቱም አስባ ነበር። ሌሎቹ ሁለቱ፣ ሙስአብና በሱፍቃድም እንደዚሁ።

"ታዲያ ለምን ዝም አላችሁ?"

"እርስዎ ደስ ብሎዎት ነበር" አለች ፀሐይቱ።

ይህ አቶ ጂራታን ከሹራቡ በላይ ከነከናቸው።

ቀጣዩ ጉዳይ፣ የዋናውን በር ግፊያ ለመቀነስ በጌጃ ሰፈር በኩል ያለው የኋላ በር ይከፈት ወይስ ተዘግቶ ይቆይ የሚል ነበር። አቶ ጂራታ ሐሳባቸውን ሳይናገሩ ወጥተው ኮሪደሩ ላይ ተቀመጡ። ለሊሴ ሰብሳቢ ሆነች።

"ለእኔ ቢከፈት ጥሩ ነው፤ እናንተስ?"

ሦስቱም ቢከፈት ጥሩ ነው አሉ። አራት ደቂቃ አልፈጀም። ለሊሴ ቀና ብላ አየቻቸው። አቶ ጂራታን ሲያዳምጡ የሚያሳዩት ያው ፊት ነበር። ያለ እሷ እንደገና እንዲወያዩበት ነግራ፣ ደብተሯን አጥፋ ወጣችና ከአለቃዋ ጎን ተቀመጠች።

"ጨረሳችሁ?"

"ከእኔ ጋር ተስማሙ።"

"አይ!" አሉ አቶ ጂራታ፣ ከልብ አዝነውላት።

ጥቂት ቆይቶ ከውስጥ ጩኸት ተሰማ። ከዚያ ጠረጴዛ ተመታ። አቶ ጂራታ ብድግ ሲሉ ለሊሴ የኮታቸውን እጅጌ ያዘች።

"አይግቡ።"

"እየተጣሉ እኮ ነው!"

"አዎ።"

ተመልሰው ተቀመጡ። ከአንድ ሰዓት ተኩል በኋላ ሙስአብ ላቡን እየጠረገ ወጣ።

"አልተስማማንም" አለ። "ግን ወስነናል።"

በሩ ጠዋት ብቻ ይከፈታል። ሁለት ለአንድ። ፀሐይቱ፣ ልጆች ሾልከው ይጠፉብኛል ብላ ተከራክራ ተሸንፋለች፤ ተቃውሞዋ በቃለ ጉባኤ እንዲሰፍርላት ጠየቀች። በትምህርት ቤቱ የስምንት ዓመት ታሪክ የመጀመሪያው ተቃውሞ ስለነበር የት ቦታ እንደሚጻፍ የሚያውቅ አልተገኘም። አቶ ጂራታ ራሳቸው ከፊርማዎቹ በላይ ጻፉት።

የጠዋቱ ግፊያ ቀነሰ። ከሰዓት ዞረው የሚሄዱ ወላጆች ግን ያማርራሉ። በወሩ ደግሞ አንዲት የኬጂ ልጅ በኋላ በር ሾልካ ወጥታ፣ ጌጃ ሰፈር አንድ ሱቅ በር ላይ ቆማ ተገኘች። ፀሐይቱ እጇን ይዛ በባልደረቦቿ ፊት አሳልፋ መለሰቻት።

በማግስቱ ለበሩ ጥበቃ ይቀጠር ተባለ። አምስቱም ተስማሙ። ለሊሴ ግን አንድ በአንድ እየዞረች፣ እርግጠኛ መሆናቸውን ጠየቀቻቸው።