የተቆረጠው ጠረጴዛ

ጠረጴዛውን ቁረጠው ብላ የለመነችው ራሷ ነበረች። አናጺው ባሏ መጀመሪያ ላይ ሰምቶ እንዳልሰማ አልፏት ነበር። ልጆቻቸው ሥራም ትዳርም እያሉ አንድ በአንድ ወደ ሌላ ከተማ ከሄዱ ወዲህ ግን፣ በረጅሙ ጠረጴዛ ጫፍ ሁለት ሰሃን አስቀምጦ መብላት ሆዷን ያባባው ጀመር።

«ባዶውን እያየሁ እህል አልወርድልኝ አለ» አለችው።

«ወንበሮቹን ጓዳ አስገቢያቸዋ።»

«ወንበሩ ምን አደረገኝ? ጠረጴዛው ነው እንጂ።»

ጠረጴዛውን የሠራው የመጨረሻ ልጃቸው ጩጬ የተወለደ ጊዜ ነው። አንድ ሚስማር የለበትም፤ ችንካሩ ሁሉ እንጨት ነው። አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ከወገቡ ላይ በመጋዝ ቆረጠው። ለአንደኛው ግማሽ አዲስ እግር ገጠመለትና ለሁለት ሰው የሚበቃ ጠረጴዛ ሆነ። ሌላውን ግማሽ ሥራ ቤቱ ወስዶ መሮ የሚመታበት፣ ኮላ የሚያፈስበት አደረገው። ኑሯቸው እንደዚያው ቀጠለ፤ ለመዱትም።

ከዚያ ሴት ልጃቸው ደወለች። ሦስቱም ተነጋግረው አንድ ላይ ሊመጡ ነው። እናት ስልኩን እስክትዘጋ ስትስቅ ቆየችና ወዲያው ፊቷ ተለወጠ።

«ግጠመው» አለችው።

«ምኑን?»

«ምኑን ይለኛል ደግሞ። ጠረጴዛውን ነዋ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ እንጨት እኮ ጨርቅ አይደለም፣ ተሰፍቶ አይመለስም። ከጎረቤት አንድ እንዋስ።»

«ገብተው ሲያዩትስ? እስክንወጣላቸው ነበር የሚጠብቁት ቢሉኝ ምን እመልሳለሁ?»

አናጺው ተነስቶ ወደ ሥራ ቤቱ ሄደ። ሥራ ቤት የከረመውን ግማሽ ጠባሳው እስኪጠፋ ሲልገው ሳሳ። የቤቱን ግማሽ ደግሞ ከእሱ እኩል ለማድረግ ላገው። በኮላና በችንካር አያይዞ በሞርሳ አስሮ አሳደረው። የቫርኒሹ መልክ ግን አልገጥም አለው፤ ሥራ ቤት ዘይት ሲጠጣ የከረመው ወገን ጠቆረበት። ከእጁ ሥራ አፍሮ የማያውቅ ሰው አፈረ። እሷም ረጅም የጠረጴዛ ጨርቅ ገዝታ አለበሰችው።

ልጆቹ ደረሱ። ተሳሳሙ፤ ወፈርሽ፣ ከሳህ ተባባሉ። ጩጬ ከሁሉም ረዝሞ፣ «አሁንም ጩጬ ትሉኛላችሁ?» እያለ በሩን ጎንበስ ብሎ ገባ። ተቀምጠው መብላት እንደጀመሩ ትልቁ ልጅ ብርጭቆው ዘመም ሲልበት ጨርቁን በመዳፉ ዳበሰ።

«አባዬ፣ ይሄ ነገር ተቆርጦ ነበር እንዴ?»

የእናት ጭልፋ ባለበት ቀረ። ምስጥ በላው ብላ ልትነግራቸው አስባ ነበር። ባሏ ግን ቀደማት።

«ቆርጬው ነበር። ለሁለታችን ሰፋብን።»

ሴት ልጃቸው ዳቦዋን እየቆረሰች፣ «ታዲያ ለምን መልሳችሁ ገጠማችሁት?» አለች። «ትንሹ ይሻላችሁ ነበር፤ ለመወልወልም ይቀላል። ቤቱም ፈታ ይልላችኋል።»

«እኛማ በዓመት አንዴ ብንመጣ ነው፤ ቆመንም እንበላለን» አለ ጩጬ። ሁሉም ሳቁ። ትልቁ ልጅ፣ «ሾርባው ይጨመርልኝ እስቲ» አለና ወሬው ወደ ቤት ኪራይና ወደ መኪና ሄደ።

እናት ሾርባውን ጨመረችለት። ቅር ይላቸዋል ብላ ስንት ቀን ስትብሰለሰል ሰንብታለች። ከሦስቱ አንዱም ቅር አላለውም። እሷም ከእነሱ ጋር ሳቀች፤ ሰሃኗን ግን እንደሞላ አነሳችው።

በማግስቱ ሸኝተዋቸው ሲመለሱ አናጺው ጨርቁን ገለጥ አድርጎ መጋጠሚያውን ሲያይ ቆየ።

«መጀመሪያ ቁረጠው ስትይኝ እንቢ ማለት ነበረብኝ» አለ።

«አንተ ምን ታደርግ፣ እኔ ነኝ የነዘነዝኩህ።»

«እንዲሁ ይቀመጥ?»

«ቁረጠው» አለችው። «የሚቀየምህ የለም።»

መጋዙን ይዞ መጣ። እሷም ጨርቁን አጣጥፋ አስቀመጠችና፣ እንዳይነቃነቅበት ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ያዘችለት።